ነባር የአትክልት ዘር ከቤተሰብ ድርጅት በኦንላይን ሲታዘዝ

በዘር ሻጭ ድረ ገጽ ላይ መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ፎቶው ነው፤ ለገዢ ከሁሉ ያነሰ ቁም ነገር የሚነግረውም እሱው ነው። በፎቶው ላይ ያለው ቲማቲም ተቆርጦ የተበላ ቲማቲም ነው። ፓኬቱ ውስጥ ያለው ዘር ከስንት ተክል እንደተሰበሰበ፣ ያ ተክል ከሌላ ዝርያ ምን ያህል ርቆ እንደበቀለ፣ ዘሩ እንዴት እንደደረቀና ብቅለቱ መቼ እንደተሞከረ ፎቶ አያሳይም። ከአነስተኛ የቤተሰብ ድርጅት ነባር ዘር ሲገዛ ግን ገንዘቡ የሚወጣው ለዚህ ነው፦ አንድ ሰው ማሳ ወርዶ ዝርያውን ያልመሰለ ተክል ስለነቀለ፣ አበባ ስለሸፈነ፣ ዘር ስላጠበና ስላደረቀ። ከማዘዝ በፊት መጣራት ያለበትም ይህ ሥራ በትክክል መሠራቱ ነው።

መጀመሪያ ስሙ ይጥራ። ዘር "ነባር" የሚባለው ሁለት ነገር ሲያሟላ ነው። አንደኛ፣ ተሰብስቦ መልሶ ሲዘራ ወላጁን የሚመስል ተክል መስጠት አለበት፤ ዲቃላ መሆን የለበትም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ዕድሜና ታሪክ ይኖረዋል። ብዙዎች 50 ዓመትን መለኪያ ያደርጋሉ፤ ጠበቅ የሚያደርጉት ደግሞ ዲቃላ ዘር ገበያውን ከመውረሱ በፊት፣ ከእ.ኤ.አ. 1951 በፊት የነበረውን ብቻ ይቆጥራሉ። ነባር ዘር ሁሉ ዲቃላ ያልሆነ ነው፤ ዲቃላ ያልሆነ ሁሉ ግን ነባር አይደለም። ኢንዲጎ ሮዝ የሚባለው ወይን ጠጅ መሳይ ቲማቲም ዘሩ ተሰብስቦ ይዘራል፤ የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ጥሩ ቲማቲም ነው። በ"ነባር" ስም ከተሸጠ ግን ሻጩ ወይ አያውቅም ወይ ግድ የለውም፤ ሁለቱም ስለ ሌላው ዘሩ ያሳስባሉ። ከዝርያው ስም አጠገብ "ኤፍ ዋን" የሚል ከተጻፈ ዲቃላ ነውና ዘሩን ለከርሞ ማስቀረት አይቻልም፤ ይበቅላል፣ ግን እያንዳንዱ ተክል የየራሱን መልክ ይዞ ይወጣል። "ጂኤምኦ ያልሆነ" (በላቦራቶሪ ዘረ መሉ ያልተለወጠ) የሚለው ማኅተም ላይ ብዙ አትመኩ። ለጓሮ የሚሸጠው የአትክልት ዘር ከጥቂቱ በስተቀር ድሮም ጂኤምኦ አይደለም።

ቀጥሎ የሚጣራው ዘሩን ያበቀለው ማን እንደሆነ ነው። አንድ ቤተሰብ 200 ዝርያ ዘርዝሮ ሲሸጥ ሁሉንም በራሱ መሬት ያበቅላል ማለት ዘበት ነው። ከፊሉን ራሱ ያበቅላል፣ ከፊሉን ከሌሎች አምራቾች ይወስዳል፣ ከፊሉን ከጅምላ ሻጭ ገዝቶ በትንንሽ ፓኬት ያሽጋል። ይህ ነውር አይደለም፤ ነውሩ መደበቁ ነው። የተሻሉት በየዝርያው ሥር "የራሳችን ምርት" ወይም "ከሌላ አምራች" ብለው ይጽፋሉ። ካልጻፉ አጭር ኢሜይል ይበቃል፦

"ጤና ይስጥልኝ። ይህን የዱባ ዘር ለማዘዝ አስቤ ነበር። የራሳችሁ ምርት ነው ወይስ ከሌላ የመጣ? በዚያው ወቅት በአቅራቢያው ሌላ ዱባ ነበር? የመጨረሻው የብቅለት ሙከራ መቼ ተደረገ፣ ስንት ከመቶስ ወጣ?"

ዘር የሚያራባ ሰው ይህን ጥያቄ ይወደዋል፤ አንዳንዴ ከጠየቃችሁት በላይ ይነግራችኋል። "ዘራችን መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ ነው" የሚል መልስ ከመጣ ጥያቄው አልተመለሰም። ሥራ በሚበዛበት ወቅት ሳምንት መዘግየት ያለ ነው፤ መልሱን እንጂ ፍጥነቱን አትመዝኑ።

ጥያቄውን በዱባ መጀመር ያለ ነገር አይደለም፤ የሻጩን እውቀት እንደ ዱባ የሚያጋልጥ የለም። የዱባን የአበባ ብናኝ ንብ ይዞት ይዞራል፣ ሩቅም ይሄዳል። በብዛት የሚዘሩት የዱባ ዓይነቶች ግን በሦስት የተለያዩ ዘርፎች ይመደባሉ፦ ኩኩርቢታ ፔፖ (ዝኩኒ እዚህ ውስጥ ነው)፣ ኩኩርቢታ ማክሲማ እና ኩኩርቢታ ሞስካታ። በአንድ ዘርፍ ውስጥ ያሉት እርስ በርስ እንደ ልባቸው ይዳቀላሉ፤ ከዘርፍ ዘርፍ ግን እምብዛም። ስለዚህ አንድ ማሳ ላይ በአንድ ወቅት ከየዘርፉ አንድ አንድ፣ በጠቅላላው ሦስት ዝርያ ያለ ስጋት ማራባት ይቻላል። ገጹ 25 ዱባ ዘርዝሮ "ሁሉም የራሳችን" ካለ እንዴት ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ መልስ ሦስት ነው፤ በየዓመቱ እያፈራረቅን ነው የምናበቅለው (የዱባ ዘር 5 ዓመት ገደማ ስለሚቆይ ይህ ይሠራል)፤ ለተለያዩ ሰዎች በተራራቀ ቦታ እናከፋፍላለን፤ ወይም አበባውን በዋዜማው አስረን በማግስቱ ጠዋት በእጅ እናዳቅላለን። "ንቦቻችን የሚያውቁትን ያውቃሉ" ዓይነት ቀልድ መልስ አይሆንም።

ከማታውቁት ሻጭ የመጀመሪያ ትእዛዝ ስትልኩ በቲማቲም፣ በሰላጣ፣ በአተርና በፎሶሊያ ጀምሩ። እነዚህ አበባቸው ሳይከፈት ወይም እንደተከፈተ በራሳቸው ብናኝ ስለሚያፈሩ ሻጩ ቢዘናጋ እንኳ ዘሩ በአብዛኛው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ቃሪያ መካከል ላይ ነው፤ ራሱን ያፈራል፣ ግን ንብ ካገኘው ይዳቀላል፤ ለስላሳው ቃሪያ ከሚያቃጥለው አጠገብ ከበቀለ ውጤቱ የሚታወቀው በሚቀጥለው ትውልድ፣ ምላስ ላይ ነው። በቆሎ፣ ቀይ ሥር፣ ስፒናች፣ ካሮት፣ ሽንኩርትና የጎመን ወገኖች ግን በነፋስ ወይም በነፍሳት የሚዳቀሉ ናቸው። ለእነሱ ርቀቱ ብቻ አይበቃም፣ የተክሉ ብዛትም ይጠየቃል። የበቆሎን ዝርያ ጤናማ አድርጎ ለማቆየት ከ100 እስከ 200 ተክል ያስፈልጋል። ከአሥር ተክል የተሰበሰበ የበቆሎ ዘር ይበቅላል፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ ግን እየቀጨጨ፣ ዛላው እያነሰ ይሄዳል። ቲማቲምን ግን ከሁለት ሦስት ተክል ማራባት ምንም አይልም።

ስለ ሐሰተኛ ዘር ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሰማያዊ እንጆሪ የለም። ሰማያዊ ሐብሐብም የለም። "ጥቁር" የሚባለው ቲማቲም አለ፣ ግን ቡናማ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ነው እንጂ እንደ ከሰል አይጠቁርም። የማንም ስም ከሌለበት የገበያ መድረክ፣ ያልታወቀ ሻጭ፣ በአንድ ዓይነት ፎቶ ሃያ ቦታ የሚሸጠውን ዘር እኔ አልነካም። እ.ኤ.አ. በ2020 በብዙ አገር ያሉ ሰዎች ያላዘዙት የዘር ፓኬት በፖስታ ደርሷቸው ነበር፤ የግብርና መሥሪያ ቤቶች ያኔ የሰጡት ምክር ዛሬም ያው ነው፦ ያላዘዛችሁትን ዘር አትዝሩ፣ ወደ ቆሻሻም አትጣሉ፣ ለሚመለከተው አስረክቡ።

አሁን ወደ ዝርያው መግለጫ እንምጣ። ምርቱ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ የሚነግረው "75 ቀን" የሚል ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። ለቲማቲም፣ ለቃሪያ፣ ለደበርጃንና ለጥቅል ጎመን ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ችግኙ ወደ መደብ ከተዛወረበት ቀን ነው። ዘሩ ከተዘራበት ቀን ለመቁጠር ለቲማቲም ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ለቃሪያ ከ8 እስከ 10 ሳምንት መጨመር ያስፈልጋል። ለካሮት፣ ለፎሶሊያና ለኪያር ግን ከተዘራበት ወይም ከበቀለበት ቀን ይቆጠራል። ወቅታችሁ አጭር ከሆነ ይህን ልዩነት አለማወቅ ሙሉ ሰብል ያስከፍላል።

ሽንኩርት ለብቻው ይታይ። ሽንኩርት ራሱን የሚቋጥረው የቀኑ ብርሃን የተወሰነ ርዝመት ላይ ሲደርስ ነው። "አጭር ቀን" የሚባሉት ከ10 እስከ 12 ሰዓት፣ "መካከለኛ" ከ12 እስከ 14፣ "ረጅም ቀን" የሚባሉት ደግሞ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ብርሃን ይፈልጋሉ። ወደ ምድር ወገብ ቅርብ ያለ ሰው ከሰሜን አገር ቤተሰብ ድርጅት ረጅም ቀን የሚፈልግ ሽንኩርት ቢያዝዝ ቅጠሉ እየረዘመ ይቀጥላል እንጂ ራስ አይወጣውም፤ ማዳበሪያም አያድነው። ሻጩ ለራሱ አካባቢ የሚሆነውን ነው የሚያራባው፤ ስለዚህ የሻጩን ኬክሮስ ከራሳችሁ ጋር አነጻጽሩ። የካሮት፣ የቀይ ሥርና የጥቅል ጎመን ጉዳይ ሌላ ነው፤ ለመብላት ይሆናሉ፣ ዘር ለማስቀረት ግን ሳምንታት የሚዘልቅ ቅዝቃዜ ካላገኙ አብዛኛውን ጊዜ አያብቡም። ዘር ልሰበስብ ብሎ የሚያዝዝ ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

መጠንን በፓኬት ብዛት አትገምቱ፤ በፍሬ ቁጥር አስሉት። አንድ ግራም የቲማቲም ዘር ወደ 300 ፍሬ ይይዛል፤ የቃሪያ ወደ 150፤ የካሮት ወደ 800፤ ሰላጣ ከ800 በላይ፤ የኪያር ከ35 እስከ 40። ፎሶሊያ ግን በግራም ከ2 እስከ 5 ፍሬ ብቻ ነው። አንድ የፎሶሊያ ፓኬት 25 ፍሬ ካለው፣ በ8 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲዘራ 2 ሜትር መስመር ብቻ ይሞላል፤ ይህ ለእራትም አይበቃም። ነባር ፎሶሊያና ቦሎቄ በእንዲህ ያለ ትንሽ ፓኬት የሚሸጠው ገዢው የመጀመሪያውን ዓመት ለማራባት እንዲያውለው ታስቦ ነው። አንድ ጤነኛ ተክል ከ30 ፍሬ በላይ በቀላሉ ስለሚሰጥ፣ ከ20 ተክል ለከርሞ የሚበቃና የሚተርፍ ዘር ይገኛል። ያለዚያ ሦስት ፓኬት እዘዙ። ለቲማቲም ግን 15 ተክል የሚፈልግ ሰው 25 ፍሬ ያለው አንድ ፓኬት ይበቃዋል፤ ሁለተኛው ፓኬት በሌላ ዝርያ ቢሆን ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ማንም ሻጭ የማይነግራችሁ አንድ ልማድ አለ፦ ከእያንዳንዱ ፓኬት ሩቡን ሳትዘሩ አስቀሩ። ነባር ዝርያ ከአንድ ቤተሰብ ዘንድ ብቻ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሰብሉ ከተበላሸበት ከገበያ ይጠፋል። በመደብ ላይ ያለውን በረዶ፣ ወፍ ወይም ቀንድ አውጣ ከጨረሰው የሚያድነው ያ ሩብ ነው።

ጊዜን በሚመለከት፣ ለመዝራት ካሰባችሁበት ቀን ቢያንስ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ቀድማችሁ እዘዙ፤ ከውጭ አገር ከሆነ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ። አነስተኛ ድርጅት ዘሩን የሚያሽገው በእጅ ነው፣ ትእዛዝ ደግሞ የሚጎርፈው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ ሲበዛባቸው ለቀናት መቀበል የሚያቆሙ አሉ። በደንብ የሚታወቁት ዝርያዎች ቀድመው ያልቃሉ። በብዙ ድረ ገጾች ዘሩን ቅርጫት ውስጥ ማስገባት ማስያዝ አይደለም፤ ክፍያው እስኪያልፍ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ዝርዝሩን በወረቀት ጨርሳችሁ፣ ተለዋጩንም አስባችሁ ግቡ። የማስታወሻ ቦታ ካለ "ያለቀ ካለ አትተኩልኝ፣ ገንዘቡን መልሱልኝ" ወይም "ያለቀ ካለ በዚህ ተኩት" ብላችሁ በግልጽ ጻፉ፤ ይህን ያልጻፈ ሰው ቀይ ቲማቲም አዝዞ ቢጫ ሲደርሰው የሚወቅሰው አያገኝም። የመላኪያው ዋጋ ከአንድ ፓኬት የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር አብሮ ማዘዝ ያዋጣል።

በዚያው ማስታወሻ ላይ ፎሶሊያ፣ ቦሎቄ፣ አተርና በቆሎ ካዘዛችሁ በካርቶን ወይም በወፍራም የአረፋ ፖስታ እንዲልኩ ጠይቁ። ደብዳቤ የሚለየው የፖስታ ማሽን ፖስታውን በጥቅል መካከል ጨፍልቆ ያሳልፈዋል። ትንሹን የቲማቲም ዘር አይነካውም፤ ፎሶሊያን ግን ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ ከውጭ ላይታይ ይችላል። ዘሩ ሲበቅል ሁለቱ ወፋፍራም የመጀመሪያ ቅጠሎች ይወጣሉ፣ በመካከላቸው መኖር የነበረበት የማደጊያ ጫፍ ግን ተሰብሮ ቀርቷል፤ በራ ችግኝ ሆኖ ቆሞ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ስታዩ ጥፋቱ የዘሩ ዕድሜ ወይም የአፈራችሁ ሳይሆን ዘሩ መመታቱ ነው፤ መመታቱ በውቂያ ላይም ሊደርስ ይችላል።

ከድንበር ማዶ ማዘዝ የራሱ ሕግ አለው። አብዛኛው አገር ለሚገባ ዘር የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 14 ቀን 2019 ጀምሮ ከኅብረቱ ውጭ ለሚገባ ዘር፣ ፓኬቱ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ይህን ሰርተፍኬት ግዴታ አድርጓል። አሜሪካ ለአነስተኛ መጠን የተለየ ፈቃድ አላት፤ በአንድ ፓኬት ከ50 ፍሬ ወይም ከ10 ግራም፣ በአንድ ጭነት ከ50 ፓኬት እንዳይበልጥ ትገድባለች፣ ፈቃዱንም ገዢው አስቀድሞ ያወጣል። የቲማቲምና የቃሪያ ዘር በተለይ ይጠበቃል፤ ምክንያቱ በዘር የሚተላለፈው የቲማቲም ቡናማ ሽብሽብ ፍሬ ቫይረስ ነው። ሰርተፍኬት ለማውጣት የሚከፈለው ገንዘብ ከዘሩ ዋጋ ብዙ እጥፍ ስለሚሆን አብዛኛው የቤተሰብ ድርጅት ወደ ውጭ አይልክም። "ሳናሳውቅ በደብዳቤ እንልክላችኋለን" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እለፉት፤ ፖስታው ቢያዝ የሚወረሰው የእናንተ ዘር ነው፣ ቢያልፍ ደግሞ ቫይረሱም አብሮ ያልፋል።

ፓኬቱ ሲደርስ ያን ቀን የሚሠራው ሥራ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ፖስታው በጸሐይ የጋለ ሳጥን ውስጥ እንዳይውል የሚደርስበትን ቀን ተከታተሉ። እያንዳንዱን ፓኬት ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሱ፤ የዝርያው ስም፣ የሎት ቁጥሩ (ዘሩ ከየትኛው ስብስብ እንደመጣ የሚለየው ቁጥር)፣ የታሸገበት ዓመትና የብቅለት መጠኑ ይነበብ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ "ለዚህ ዓመት የታሸገ" ማለት "በዚህ ዓመት የተመረተ" ማለት አይደለም፤ ዘሩ የሦስት ዓመት ሊሆን ይችላል። ለቲማቲምና ለዱባ ይህ ችግር የለውም። ለሽንኩርትና ለባሮ ሽንኩርት ግን አንድ ሁለት ዓመት ከቆየ አብዛኛው ሞቷል፤ ለእነሱ የምርት ዓመቱን ሳልጠይቅ አልገዛም። ከዚያ ዘሩን ነጭ ሳሕን ላይ ገልብጣችሁ እዩት። ክብ ቀዳዳ ያለው ፎሶሊያ ነቀዝ አለበት። የተጣበቀ፣ የሻገተ ወይም እርጥበት የሚሸት ዘር በደንብ አልደረቀም። ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዘር በፈንገስ መከላከያ መድኃኒት የታሸ ነውና እጅ ይታጠብ፣ ለዶሮም አይሰጥ።

ነቀዝ የታየበትን ወይም የተጠረጠረውን ፎሶሊያ በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሳምንት ማቆየት እንቁላሉንም ትሉንም ይገድላል። ዘሩ መጀመሪያ መድረቁ ይረጋገጥ፤ አንዱን ፍሬ በመዶሻ ምቱት፦ ከተሰባበረ ደርቋል፣ ከተላቆጠ አልደረቀም፤ ያልደረቀ ዘር በረዶ ውስጥ ከገባ ይሞታል።

የብቅለት ሙከራውን ዘሩ በደረሰ በሳምንቱ ውስጥ አድርጉ፤ ለመዝራት ሦስት ወር ቢቀራችሁም። ብዙ ሻጭ ቅሬታ የሚቀበለው ለተወሰነ ጊዜ ነው፣ ምትክ ለመላክም ዘሩ ገና ሳያልቅበት መስማት አለበት። ከትልልቅ ዘር 10 ፍሬ፣ ከትንንሽ 20 ፍሬ ውሰዱ። የወጥ ቤት ወረቀት ፎጣ አርጥባችሁ ጨምቁት፤ ሲጨመቅ ውኃ የማያንጠባጥብ፣ እጅ ላይ ግን ቀዝቃዛ እርጥበት የሚተው መሆን አለበት። ሙከራ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በውኃ ብዛት ነው፤ ዘሩ አየር አጥቶ ይበሰብስና ጥፋቱ ወደ ሻጩ ይዞራል። ዘሩን ሳይነካካ ደርድራችሁ፣ ጠቅልላችሁ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገቡና አፉን ትንሽ ክፍት ተዉት። ስሙንና ቀኑን በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በእርጥበት ይለቃል።

ሙቀቱ እንደ ዘሩ ይለያያል። ቲማቲም ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከ5 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። ቃሪያና ደበርጃን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይፈልጋሉ፤ ቃሪያ ሦስት ሳምንት ሊያስጠብቅ ይችላል፣ በቀዝቃዛ ክፍል ደግሞ ጭራሽ ላይነቃ ይችላል። ሰላጣ በተቃራኒው ነው፤ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ጤነኛው ዘር ሳይቀር ይተኛል፤ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለ ጥላ ቦታ ይሁን። ካሮት እስከ ሁለት ሦስት ሳምንት ይታገሡት። የቀይ ሥርና የቆስጣ "ዘር" ደግሞ የዘር እስር ስለሆነ ከአንዱ ሁለት ሦስት ቡቃያ ቢወጣ እንደ አንድ ይቆጠራል።

ሲቆጠር ሥር ያወጣው ሁሉ "በቀለ" አይባል። ሥሩ ቀጥ ያለ፣ ግንዱ ያልተሰበረ ብቻ ይቆጠር። ከ10 ሰባት ወጣ ማለትና ዘጠኝ ወጣ ማለት በዚህ ትንሽ ቁጥር ብዙ አይለያዩም፤ አምስትና ከዚያ በታች ከሆነ በሌላ 20 ፍሬ ድገሙት። ለማነጻጸሪያ ያህል፣ የአሜሪካ የፌዴራል ዝቅተኛ መስፈርት ለቲማቲም 75፣ ለሰላጣ 80፣ ለፎሶሊያ 70፣ ለሽንኩርት 70፣ ለካሮትና ለቃሪያ 55 ከመቶ ነው። ስለዚህ 60 ከመቶ የበቀለ የካሮት ዘር ደካማ አይደለም፤ 60 ከመቶ የበቀለ ሰላጣ ግን ደካማ ነው። ሙከራው ላይ የበቀለውን መጣል አያስፈልግም፤ ሥሩ ወረቀቱን ሳይወጋ በጉጠት አንስታችሁ አፈር ውስጥ ትከሉት።

ከዘር የሚመጣ በሽታ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ቲማቲምንና ጥቅል ጎመንን በሙቅ ውኃ ማከም ይቻላል፦ 50 ዲግሪ ላይ ለ25 ደቂቃ፣ ከዚያ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ማብረድና ማድረቅ። በዲጂታል ቴርሞሜትር ካልሆነ አትሞክሩት፤ ሁለት ዲግሪ ሲበልጥ ዘሩን ይገድላል፣ ሁለት ሲያንስ ባክቴሪያውን ይተዋል። ያረጀ ዘር አይችለውም፤ ፎሶሊያና ዱባም ለዚህ አይሆኑም።

ዘሩ በስሙ የተጻፈው ዝርያ መሆኑን ደግሞ ፍሬ ሳይጠበቅ በችግኝ የሚለይባቸው አሉ። ብራንዲዋይን የሚባለው ታዋቂ ቲማቲም ቅጠሉ እንደ ድንች ቅጠል ጠርዙ ደልዳላ ነው፤ እንደ ሌላው ቲማቲም የተተለተለ አይደለም። ይህ ባሕርይ የሚታየው ከሁለቱም ወላጅ ሲመጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ከ20 ችግኝ ሁለቱ በሦስተኛው አራተኛው ቅጠል ላይ የተተለተለ ጠርዝ ካሳዩ እነዚያ ሁለቱ ወይ ተዳቅለዋል ወይ ሌላ ዘር ተቀላቅሏል፤ እዚያው የችግኝ ሳህኑ ላይ ይለዩ። ነጭ ስኳር በቆሎ አዝዛችሁ ፓኬቱ ውስጥ ቢጫ ፍሬ ከታየ፣ የብናኙ ቀለም በዚያው ፍሬ ላይ ስለሚወጣ ማሳው አለመጠበቁ ዘር ሳይዘራ ይታወቃል። ቦሎቄ ግን ያታልላል፦ የዘሩ ቅርፊት የእናትየው አካል ነው፤ የተዳቀለ ቦሎቄ ከውጭ ፍጹም ንጹሕ መስሎ ይደርሳችኋል፣ ለውጡ የሚታየው ከእሱ በበቀለው ተክል ዘር ላይ ነው። የዱባ ድቅልም ፍሬው እስኪያድግ አይለይም። በአንድ ፓኬት ዘር የበቀሉት ሁሉ የተለያየ ፍሬ ከሰጡ ጥፋቱ የናንተ ጎረቤት ዱባ አይደለም፤ የዘንድሮ ንብ የዘንድሮውን ፍሬ መልክ አይለውጥም፣ የከርሞውን ዘር እንጂ። ስህተቱ ዘሩ በተመረተበት ማሳ ላይ ተሠርቷል።

ለሻጩ ሲጻፍ ቁጣው ቀርቶ መረጃው ይግባ፦ የዝርያው ስም፣ የሎት ቁጥሩ፣ ስንት ተዘርቶ ስንት እንደበቀለ፣ በስንት ዲግሪ፣ በስንት ቀን፣ ከፎቶ ጋር። እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰው የሚያፍርና ወዲያው ምትክ የሚልክ ሻጭ ብዙ ነው፤ ያንኑ ሎት ራሱ ዳግም እንዲሞክርም ይረዳዋል። በቀዝቃዛና በረግረግ አፈር የበሰበሰ ፎሶሊያ፣ ከበቀለ በኋላ አንገቱ ላይ ቀጥኖ የወደቀ ችግኝ፣ ወፍ የለቀመው አተር ግን የሻጩ ዕዳ አይደለም።

የተረፈው ዘር በወረቀት ፓኬቱ እንዳለ፣ ክዳኑ ጎማ ያለው የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ፣ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር ይቀመጥ። በዘር ጠባቂዎች ዘንድ የታወቀው ስሌት ይህ ነው፦ የዘሩ እርጥበት በ1 ከመቶ ሲቀንስ ዕድሜው በግምት በእጥፍ ይጨምራል፣ የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲቀንስም እንዲሁ። ማሰሮው ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ክዳኑ ወዲያው አይከፈት፤ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስተካከል ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቆይ። ቀዝቃዛ ማሰሮ ሲከፈት የክፍሉ አየር ጤዛ ሆኖ ዘሩ ላይ ያርፋል፤ ወራት ሙሉ የተጠበቀው ድርቀት በአንድ ጠዋት ይበላሻል።